አሬኒ፦ ወይኗን ከዋሻዋና ከገዳሟ ጋር ያስተሳሰረች የአርመን የተራራ መንደር

ከአርመን ዋና ከተማ ከየሬቫን ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ሜዳ ለሜዳ ነው። በስተቀኝ አናቱን በረዶ የሸፈነው የአራራት ተራራ ይታያል። ከዚያ መንገዱ ዳገት ይወጣና ወደ አርፓ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። ሁለት ሰዓት ያህል የተጓዘ መንገደኛን በመንገዱ ዳር የተደረደሩ ጠረጴዛዎች ይቀበሉታል። ወይን ጠጁ የሚሸጠው ባዶ በነበሩ የለስላሳ መጠጥ ፕላስቲኮች ተሞልቶ ነው። መንደሯ አሬኒ ናት።

አካባቢው ደረቅ ነው፤ በጋው ያቃጥላል፣ ክረምቱ በረዶ ነው። የመንደሯን ስም የያዘው ጥቁር ወይን ግን ይህን ለምዷል። ቅርፊቱ ወፍራም በመሆኑ የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ብርድ ይችላል። አዝመራው የሚሰበሰበው ዘግይቶ በመስከረምና በጥቅምት ነው።

በሶቪየት ዘመን መሬቱ የጋራ እርሻ ስለነበር ገበሬው ወይኑን መዝኖ ለመንግሥት ፋብሪካ ያስረክብ ነበር። አብዛኛው የአርመን ወይንም ኮኛክ ይጠመቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 መሬቱ ለቤተሰብ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የደረሰው አነስተኛ ማሳ ነው። ከትንሽ ማሳ የሚገኝን ፍሬ ጥሬውን በኪሎ መሸጥ ቤት አያቆምም። ስለዚህ ብዙዎች ወይኑን እቤታቸው ጠምቀው ወደ መንገድ አወጡት። መንገዱ ወደ ኢራን የሚያልፍ ስለሆነ ከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ደንበኞች ሆኑ።

የመንደሯን ስም ከአርመን ውጭ ያሰማው ግን በአጠገቧ ያለው ዋሻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የቆፈሩት ተመራማሪዎች የሸክላ ወይን መጭመቂያ ገንዳ፣ ጭማቂው የሚጠራቀምበት ጋንና የወይን ፍሬ ዘር አገኙ። ዕድሜው 6 ሺህ ዓመት ያህል ነው። በዚያው ዋሻ 5 ሺህ 500 ዓመት ገደማ የሆነው ከላም ቆዳ የተሠራ ጫማ ተገኝቷል። ጫማው ሳይበሰብስ የቆየው ዋሻው ደረቅና ቀዝቃዛ በመሆኑ፣ በላዩም የተከመረው የበግ በጠጥ እንደ ክዳን ስለሸፈነው ነው።

ከዋሻው ጥቂት እልፍ ሲሉ በቀይ ገደል መካከል የኖራቫንክ ገዳም ይገኛል። አርመናውያን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታዮች ናቸው፤ በእኛ የፍልሰታ ሰሞን ወይን በቤተ ክርስቲያን ያስባርካሉ። በልማዳቸው ከዚያ በፊት አዲሱን ወይን የማይቀምሱ አሉ።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ገደማ በመንደሯ የወይን ጠጅ በዓል ይከበራል። ዋሻውንና ገዳሙን ሊያይ የመጣ እንግዳ ከገበሬው ወይን ጠጅ ይገዛል፤ ከቤተሰብ ቤትም ያድራል። በሀገሩ ሴቶች መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ፣ በቶኒር፣ ላቫሽ የተባለ ስስ ቂጣ ይጋግራሉ። ላቫሽ እንደ እኛ ድርቆሽ ደርቆ ለወራት ይቀመጣል፤ ሲፈለግ ውኃ ይርከፈከፍበታል።

ችግር የለም ማለት አይደለም። የሚዘንበው በረዶና የጸደይ ውርጭ የዓመቱን ልፋት በአንድ ቀን ያጠፋሉ። ከአርመን ገጠር ብዙ ወንዶች ለሥራ ወደ ሩሲያ ይሄዳሉ። በፕላስቲክ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ወይን ጠጅም ጣዕሙ ይበላሻል፤ አንድ ጊዜ የከፋው ገዢ ደግሞ አይመለስም። በመስታወት ጠርሙስ አሽገው የመንደሯን ስም የሚለጥፉ ጠማቂዎች የተሻለ ዋጋ ሲያገኙ፣ ጥሬ ፍሬ ብቻ የሚሸጠው ግን ዛሬም የገዢውን ዋጋ ይጠብቃል።

አሬኒ አዲስ ሰብል አላመጣችም። ከአያት የወረሰችውን ወይን በስሟ ጠራችው፤ ከዋሻዋና ከገዳሟ ጋር በአንድ መንገድ ላይ አገናኘችው። የእርሻ ባለሙያውና የቱሪዝም ባለሙያው በየቢሯቸው ለየብቻ ቢያቅዱ ይህ አይገኝም። በእኛም ቀበሌ መንገደኛው ቆሞ የሚገዛው፣ በቦታው ስም የሚጠራ ምርት የትኛው ነው? የወረዳ አመራርና አርሶ አደር በአንድነት ተቀምጠው ይህን ቢመልሱ ጥሩ ጅምር ይሆናል።