የሳነቴዋ እናት
ክፍል 4፦ ከጉድጓዱ አፍ

ባለፈው ክፍል፦ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲዋ ተማሪ ከሮቤ ተነሥታ በጎባ በኩል ሳነቴ ወጣች። ከአዛውንቱ ስካውት ጋር የቀይ ቀበሮዋን ዱካ ሲከተሉ መሸባቸው። ሌሊቱን ከእረኞቹ ጎጆ በኩል አንድ ውሻ ሲያላዝን አደረ።

ጥር ነው። 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ሜዳ በውርጭ ነጥቶ ነጋ። ቀበሮዋ አልቸኮለችም፤ መሬቱ ሞቅ ሲል ፍልፈል እንደሚወጣ ታውቃለች።

«ጋሼ፣ ትናንት ማታ ስድስት ነበሩ። ዛሬ ለምን ብቻዋን ሆነች?»

«ወሰናቸውን የሚጠብቁት አብረው ነው፤ የሚያድኑት ግን ለየብቻ። ኮቴ ከበዛ ፍልፈል አይወጣም፣ ልጄ።»

ከጅብራው ሥር አፈር ተነቃነቀ። በዓለም ከባሌ በቀር የትም የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል፣ ኪሎ ሊሞላ የሚችለው፣ አናቱ ላይ የተተከሉትን ዓይኖቹን አስቀድሞ ብቅ አለ። ግማሽ አካሉን ከጉድጓዱ ሳያወጣ ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ይጎትት ጀመር።

ቀበሮዋ ሆዷን ከመሬት አጣበቀች። ፍልፈሉ ሲነጭ ትሳባለች፤ ቀና ሲል ባለችበት ትደርቃለች። አንዳንዴ ይህ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ልጅቷ ትንፋሿን ዋጠች። ቀበሮዋ ተወነጨፈች፤ ረጅሙ አፏ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሲወጣ ፍልፈሉ ተንጠልጥሎበታል።

ቦጫጭቃ ዋጠችውና ወዲያው ወደ ጉብታው ሮጠች።

«ቡችሎቿ ከንፈሯን ሲልሱ ከሆዷ አውጥታ ታጎርሳቸዋለች» አሉ ስካውቱ። «እሷ ብቻ አይደለችም፤ አክስቱም ወንድሙም ያጎርሳል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎች 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እዚሁ ባሌ ናቸው። እዚህ የደረሱት በዚህ ጉርሻ ነው።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ሸለቆ ገብቶ ከአራቱ ሦስት እጅ ያህሉን ሲጨርስ ሬሳቸውን ከሰበሰቡት አንዱ ነኝ። አንዷ ከተነከሰች በሽታውን ይዛ የምትገባው እዚሁ መሐላቸው ነው።»

ልጅቷ መነጽሯን ወደ ጉብታው መለሰች። ቡችሎቹ ከድንጋዩ ሥር ወጥተው እናታቸውን ከበዋታል። ከጉብታው ማዶ ግን አንድ ቡላ ውሻ እየተንገዳገደ ይመጣል። መንጋጋው ተንጠልጥሏል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል።

«ጋሼ!»

ስካውቱ ሬዲዮናቸውን አነሡ። «ዲንሾ! ዲንሾ!» ከጩኸት በቀር መልስ የለም።

እናቲቱ ፀጉሯን አቁማ በቡችሎቿና በውሻው መካከል ቆመች። በመካከላቸው ሃያ እርምጃ ቢቀር ነው። ልጅቷ ድንጋይ አንሥታ እየጮኸች ቁልቁል ሮጠች።

«አትጠጊው! ተመለሺ፣ ልጄ!»

ድንጋዩ ከውሻው ፊት አረፈ። ውሻው ቆመ። ከቀበሮዋ ላይ ዓይኑን አንሥቶ ወደ ልጅቷ ዞረ፤ ከዚያም መሮጥ ጀመረ።

(ይቀጥላል)