ሁለት ጊዜ የምትገጠም መኪና

አንድ ሰው በገዛ ጋራዡ ውስጥ ባለሁለት ወንበር የሩጫ መኪና ሠራ ሲባል፣ ሰሚው ብዙውን ጊዜ በዓይነ ኅሊናው የሚሥለው ብረት አቅልጦ፣ ሞተር ቀርጾ፣ መኪናዪቱን ካለመኖር ወደ መኖር ያመጣትን ሊቅ ነው። ዳሩ ግን የዚህ ሥራ ዋና አገር በሆነችው በእንግሊዝ እንኳ ነገሩ ከጥንቱም እንዲህ አልነበረም። መኪና ሠሪው ኮሊን ቻፕማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1948 በሰሜን ለንደን በአንዲት ጠባብ ጋራዥ የመጀመሪያ መኪናውን ሲሠራ መነሻ ያደረገው አሮጌ ኦስቲን ሰቨን ነበረ፤ በ1957 ያወጣት ሎተስ ሰቨንም ለብዙዎች የደረሰቻቸው ሳትገጠም ነውና፣ ከገዢው የሚፈለገው የመፍጠር ሳይሆን የመግጠም ሞያ ነበረ። ምክንያቱም የእጅ ሥራ ፍቅር ብቻ አልነበረም፤ የጊዜው የግዢ ግብር ተገጥሞ ባለቀ መኪና ላይ እንጂ በክፍልፋዩ ላይ ስላልተጣለ፣ መፍቻ መያዝ የቻለ ሁሉ ግብሩን ለኪሱ ያስቀር ነበር። ይህ ጥቅም በ1973 የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲመጣ ቀረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም።

ብዙ ጀማሪን የሚያሳስተው ግን መግጠምን ከመፍጠር መለየት አይደለም። «አስቀድሞ ሁሉን መቀባት፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ገጥሞ መጨረስ» የሚለው ምክር፣ ሲሰሙት የሥርዓት ሁሉ ሥርዓት የሚመስለው፣ እርሱ ነው ሰውን የሚያከስረው። ከፋይበር ግላስ የተሠራ ፓራፋንጎ ከሻንሲው ጋራ በመጀመሪያው ቀን ልክ ገጥሞ አያውቅም፤ ጠርዙ ይሞረዳል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ የመብራቱ ሽቦ ማለፊያ ያጣና አዲስ ቀዳዳ ይበሳለታል። ይህ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ቀለም ላይ ከተደረገ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ መኪናዪቱን እስከ መጨረሻው ቡሎን ድረስ ያለ ቀለም ይገጥማታል፤ ቢችልም ሞተሩን ያስነሣል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቡሎንና ዳዶ በየከረጢቱ አድርጎ፣ ስሙን በላዩ ጽፎ፣ መልሶ ይፈታታታል፤ ቀለሙም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ቀለም ጉድለትን ይሸፍናል የሚሉም አሉ። እኔ ግን ከቀለም የበለጠ ገመና አውጪ አላየሁም። በመኪና አካል ላይ የሚደራረበው ቀለም ሁሉ ተደምሮ ከአንድ መቶ እስከ አንድ መቶ ኀምሳ ማይክሮን፣ ይኸውም ከአንድ የወረቀት ቅጠል ብዙ የማይርቅ ውፍረት ያለው ሲሆን፣ ጉድጓዱን የሚሞላው እርሱ ሳይሆን ስቱኮው ነው። ስቱኮውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የፋቀ ሰው በ180፣ በ320፣ ከዚያም በላይ እያለ የቀደመውን ጭረት በሚቀጥለው ካላጠፋ፣ የመጨረሻው አብረቅራቂ ንብር ላዩ አምሮ ውስጡ ያላማረ፣ በኖራ የተለሰነ መቃብር ይሆንበታል። የእኛ ብራና ፋቂዎች ቆዳውን ወጥረው ሳይፍቁና ሳያለሰልሱ ቀለምና ብርዕ እንዳላቀረቡለት ሁሉ፣ የዚህም ሥራ አብዛኛው ድካም ቀለሙ ሳይከፈት የሚያልቅ ነው። በፋይበር ግላስ ላይ ደግሞ አንድ ስውር ጠላት አለ፤ ቅርጽ ማውጫው ላይ እንዳይጣበቅ የተቀባው ሰም ነው። ሳይታጠብ የተፋቀ እንደ ሆነ ሰሙ በጭረቱ ውስጥ ይገባና፣ የተረጨው ቀለም እንደ ዓሣ ዓይን እየከበበ ይሸሻል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የጤናው ነው። «ሽታው ካልከበደህ ጉዳት የለውም፤ አፍንጫህን በጨርቅ ሸፍን» ይባላል። ባለ ማጠንከሪያው ዘመናዊ ቀለም ግን አይሶሳያኔት የሚባለውን ንጥረ ነገር የያዘ ሲሆን፣ ይህም የሚጎዳው አፍንጫ ከማወቁ አስቀድሞ ነው፤ ጉሙም ለዓይን ከጠፋ በኋላ በአየሩ ውስጥ ይቆያል። አንድ ጊዜ አስም ያስያዘውን ሰው ከዚያ ወዲያ ጥቂቱ እንኳ ይቀሰቅስበታል። ለዚህ የሚበጀው ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያደርስ ጭንብል እንጂ ጨርቅ አይደለም፤ እርሱ የሌለው ሰው ዝግጅቱን በቤቱ ጨርሶ፣ መርጨቱን አየር ማውጫ ላለው የቀለም ቤት ቢተው ሞያው አይጎድልበትም።

መግጠሙም የራሱ ተረት አለው። «ቡሎን ከጠበቀ አይቀር እስኪጮኽ ይጥበቅ» የሚሉት፣ ቡሎን በልኩ ሲጠብቅ እንደ ሞላ በጥቂቱ ተለጥጦ እንደሚይዝ፣ ልኩን ሲያልፍ ግን እንደሚበጠስ ስለማያውቁ ነው። የጎማ ቦኮላ ያለበትንም ክንድ መኪናዪቱ በማንሻ ተሰቅላ ሳለ ያጠበቁት እንደ ሆነ፣ በእግርዋ በቆመች ጊዜ ጎማው ተጠማዝዞ ይቀራል። የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ የሚያርፍበት ቦታም ዙሪያው ቢቀባ እንኳ ራሱ ባዶ ብረት መሆን አለበት፤ ባለ አዲስ ቀለሙ ሻንሲ ብዙ ጊዜ አልነሣም የሚለው በዚህ ነው።

ለፍሬን ዘይት ግን እኔው ራሴ ምስክር ነኝ። «የደረቀ ቀለም ምንም አይነካውም» ብዬ፣ ወዳጄ አየሩን ከፍሬኑ እያወጣ ሳለ ጣሳውን የያዝኩት እኔ ነበርሁ። ጠብታዋን በአረንጓዴው ፓራፋንጎ ላይ አይቼ ነገ እጠርጋታለሁ አልኩ። ዘይቱ ከውኃ ጋራ የሚዋሐድ ነውና ወዲያው ብናጥበው በደኅና ይለቅ ነበር። በማግሥቱ ግን ሦስት ሳምንት የተለፋበት ቀለም የሳንቲም ያህል ተጨማዶ፣ በጥፍር ሲነኩት ይላጥ ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ በወዳጄ ጋራዥ ያ ጣሳ ሲከፈት አንድ ባልዲ ውኃ አብሮ ይቀርባል፤ ባልዲውንም የምይዘው እኔ ነኝ።