ላሟ ከግቢ፣ ሽታዋ ከጎረቤት፦ በከተማ ከብት ማርባትና ሕጋችን

በከተማ ውስጥ ከብት ማርባት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ይህ ጥያቄ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚመልሰው እንደቆመበት ወገን ነው። ላም ያለው ሰው “በገዛ ግቢዬ ማን ምን አገባው?” ይላል። ጎረቤቱ ደግሞ “ከተማ መሃል ምን በረት ያስፈልጋል?” ይላል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የአዲስ አበባን ሁኔታ እንደ ምሳሌ ይዘን የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለሁለቱም ምን እንደሚላቸው ለማየት እንሞክራለን።

ነገሩን ምን አከበደው?

አዲስ አበባ ውስጥ የወተት ላም ማርባት ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። አንድ ሁለት የተዳቀሉ ላሞችን በጓሮ አስረው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ እየመገቡ፣ በወተቱ ገቢ ልጅ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች አሉ። ችግሩ ግቢው ጠባብ መሆኑ ነው። እበቱ የሚከመረው ከጎረቤት ማድቤት ጀርባ፣ ሽንቱም የሚፈሰው በጋራ ቦይ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ የሚሟገተው ለእንጀራው፣ ሌላው ለጤናው ነው። ሕገ መንግሥቱም ሁለቱንም ያውቃል። አንቀጽ 41 በመረጡት ሥራ የመተዳደር መብትን፣ አንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋሉ።

ሕጉ የሚያየው አጥር የሚሻገረውን ነው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ላይ ባለሀብት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና የመሳሰለው ከመልካም ጉርብትና ልክ ማለፍ የለበትም። ልብ እንበል፤ ሕጉ “ሽታ ጨርሶ አይኑር” አላለም። መለኪያው የጉርብትና ልክ ነው። ይህንንም ለመመዘን የአካባቢው ልማድ፣ የቦታው አቀማመጥና ዓይነቱ ይታያሉ።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የሚጠነክረው። ድሮ ሁሉም ላም ያረባ በነበረበት ሰፈር የእበት ሽታ ማንንም ላይከፋ ይችላል። ዛሬ ያው ሰፈር በፎቅ ቤትና በተከራይ ከተሞላ ግን ልማዱም አብሮ ተለውጧል። ስለዚህ “እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት” ማለት ብቻውን አያድንም። “ከተማ ነውና ይውጣልኝ” ማለትም ብቻውን አይበቃም።

እንስሳው ራሱ አጥር ቢሻገርስ? ቁጥር 2071 ግልጽ ነው። እንስሳው ሳይታሰብ ቢያመልጥ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። “ገመዱን በጥሶ ሄደብኝ” መከላከያ አይሆንም። ጎረቤትም በይዞታው ላይ የገባውን እንስሳ ለካሣው መያዣ አድርጎ ማቆየት ይችላል፤ ባለቤቱን ግን ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት።

ከዚህ በተጨማሪ የከተማ አስተዳደር የሚያወጣቸው የመሬት አጠቃቀምና የጽዳት ደንቦች አሉ። እነዚህ ፈቃድ ከጠየቁ ወይም ከከለከሉ፣ የጎረቤት ዝም ማለት ፈቃድ አይሆንም።

ኮንዶሚኒየም ሲሆን

በጋራ ሕንፃ ውስጥ ነገሩ ይጠብቃል። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ይኖረዋል፤ ደንቡም አባላቱን ያስገድዳል። በግ በደረጃ ላይ ማሰር ወይም ዶሮ በኮሪደር ማርባት የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ደረጃውና ኮሪደሩ የሁሉም ነውና። በብዙ ግቢዎች ለእርድና ለልብስ አጠባ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት የተሠራውም ለዚሁ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

አርቢው ወለሉን ሲሚንቶ ቢያደርግ፣ እበቱን በየቀኑ ቢያነሳ፣ ሽንቱን ወደ ጋራ ቦይ ከመልቀቅ ጉድጓድ ቢቆፍርለት፣ በረቱንም ከጎረቤት መስኮት ቢያርቅ የክርክሩ ግማሽ ያልቃል። ጎረቤቱም በመጀመሪያ ፊት ለፊት ይናገር፤ ካልሆነ በሽማግሌ፣ ከዚያ በወረዳው በኩል ይሞክር። ፍርድ ቤት መሄድ ካስፈለገ ደግሞ “ላም አለው” ብሎ መክሰሱ ብዙም አያዋጣም። ሽታው ወይም ፍሳሹ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየና ምን እንደጎዳ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

እንግዲህ ሕጋችን ላሟን ከከተማ አላባረራትም፤ ጎረቤትንም ዝም ብለህ ቻል አላለም። ወተቱ የባለቤቱ እንደሆነ ሁሉ እበቱም የባለቤቱ ነው ማለቱ ነው።