ተጨማሪ መረጃ፦ እንቆቅልሽ ለፈተና

ፈተና ሲደርስ ደብተራችሁን ደጋግማችሁ ታነባላችሁ? ስታነቡት ሁሉም የገባችሁ ይመስላል፤ ጉዱ የሚታየው ደብተሩ ሲከደን ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጫጭር ጽሑፎች አስጠኑ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጽፈው የተለማመዱት ግን 56 በመቶ ያህሉን። (ፈተናው ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲሆን ግን የበለጡት ደግመው ያነበቡት ነበሩ!) መልስን ሳያዩ ከአእምሮ ፈልጎ ማውጣት የማስታወስ ልምምድ ይባላል።

ለዚህ ልምምድ እንቆቅልሽ ሁነኛ ጨዋታ ነው፤ ማርክ የለው፣ ቀይ እስክሪብቶ የለው።

«እንቆቅልሽ?»
«ምን አውቅልሽ?»
«ሁለት ነን፤ መልካችን ቦሎቄ፣ ሥራችን ደም ማጣራት።»
«ጉበት?»
«አላወቅሽም፤ አገር ስጪኝ!»
«ጎንደርን ሰጠሁሽ።»
«ጎንደር ገብቼ ምን አጥቼ! ኩላሊት ነው።»

ጉበት ያለችው ልጅ ኩላሊትን ቶሎ የምትረሳው አይመስልም።

ሞክሩት፦ ከዚህ ምዕራፍ ሦስት እንቆቅልሾች አዘጋጁና ጓደኛችሁን ጠይቁ። ከአራት ቀን በኋላ ያንኑ ድገሙት፤ አገር ያሰጠው የትኛው እንደሆነ መዝግቡ።