የትምህርት ቤት ቀለብና የዲቾቶ ንግድ

ከአዋሽ ተነሥቶ በሚሌና በሰመራ በኩል ወደ ጋላፊ የሚወርደው ዐውራ ጐዳና ዲቾቶን አቋርጦ ያልፋል። ከአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ብዙው ክፍል በዚሁ መሥመር በካሚዮን ስለሚመላለስ፥ ስንዴውና ዘይቱ በከተማይቱ ደጅ ሲያልፍ ይውላል። ይህን የሚያክል እህል በሚያልፍበት ስፍራ የተማሪ ምሳ ጉዳይ መነሣቱ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን በደጅ የሚያልፈው ሁሉ ወደ ማድቤት አይገባም።

በአርብቶ አደር አገር ልጅ ከመንጋው ተለይቶ ትምህርት ቤት የሚውለው ብዙ ጊዜ በዚያ የሚቀርበውን ምግብ ተስፋ በማድረግ ነው። ቀለቡ ሲቋረጥ ወንበሩም ባዶ ይሆናል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የተማሪዎችን ምገባ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፥ በአፋርም ለብዙ ዓመታት የቀረበው ከበቆሎና ከአኩሪ አተር ተደባልቆ ቪታሚንና ማዕድን ከተጨመረበት ዱቄት የሚሠራ ገንፎ ነው። እንዲህ ያለው ድብልቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የተጀመረው ፋፋም በዚሁ ሐሳብ የተዘጋጀ ነበር። እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላለታልና።

ሆኖም የምግቡ ጥራት በድስቱ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ገና በነጋዴው መጋዘን ሳለ ሊጠፋ ይችላል። በዘይት ውስጥ የተጨመረውን ቪታሚን ኤ ብርሃንና ሙቀት ያጠፉታል፤ ስለዚህ በዲቾቶ ፀሐይ በሱቅ ደጃፍ ተደርድሮ የሰነበተ ነጭ ጄሪካን፥ መጠኑ ሳይጎድል ጥቅሙ ጎድሎ ይሸጣል። አዮዲን የተጨመረበት የአፍዴራ ጨውም ሳይከደን የከረመ እንደ ሆነ አዮዲኑ እየተነነ ይሄዳል፤ ወጥ ሠሪዋም ጨውን ወጡ ሊወርድ ሲል ብትጨምር ይሻላል። እርጥበት የገባው በቆሎ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ሊያፈራ ይችላል፤ ይህንም ቢቀቅሉት አይጠፋም። ዋጋው ስለ ረከሰ ብቻ የተበላሸ እህል ለትምህርት ቤት የሚያቀርብ ነጋዴ ትርፉን የሚያገኘው ከልጅ አፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አፋር የግመልና የፍየል ወተት አገር ነው፤ ከላይ በተነገረው ገንፎ ግን ወተት አይገባም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ወተቱ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፥ በድርቅ ወራትም መንጋው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይሄዳል። ቢሆንም ዝናብ በጣለ ጊዜ ወተቱን ሰብስቦ፥ አፍልቶ በዚያው ዕለት የሚያደርስ ማኅበር ቢቋቋም ከንግዱ ወገን ተባባሪ ሊያጣ አይገባውም።

ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ፥ ለትምህርት ቤት ምግብ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ለሚፈጸም ግዢ እንዲውል አዝዛለች። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በደቡብና በኦሮሚያ ከአካባቢው ገበሬ በተገዛ እህል መመገብ ተጀምሯል። በአፋር አምራቹ አርብቶ አደር ስለ ሆነ፥ ውሉም እንደ አገሩ ጠባይ ሊጻፍ ይገባል፤ ይኸውም አቅርቦቱ የዝናቡን ወራት የተከተለ፥ ክፍያውም የማይዘገይ እንዲሆን ነው። ፍየሉን ሸጦ ለቤቱ እህል የሚገዛ ሰው ሂሳቡን ሦስት ወር ሊጠብቅ አይችልም፤ መጠበቅ የሚችለው ባለ ካሚዮኑ ነጋዴ ብቻ ነው።