የማይታየው ቁስል በቁጥር ሲታይ

አንድን ነገር በሚገባ ለማወቅ አስቀድሞ መለካት እንደሚያስፈልግ የፊዚክስ ትምህርት ያስተምረናል። ይሁን እንጂ የሰው ልጅ ከሚሸከማቸው ሸክሞች መካከል በሚዛንም ሆነ በሜትር የማይለኩ አሉ። ጦርነት፣ ድብደባ፣ መደፈር፣ የመኪና አደጋና የወዳጅ ድንገተኛ ሞት በአእምሮ ላይ የሚተዉት ጠባሳ አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሥነ አእምሮ ሊቃውንት የሰበሰቧቸውን አኃዞች ይዘን፣ ይህ ጠባሳ በጠቅላላው ሕዝብ ዘንድ ምን ያህል የተለመደ እንደሆነና አኃዞቹ እንዴት መነበብ እንዳለባቸው ለማሳየት እንሞክራለን። ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ገጠመኝና ሕመም

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባል። አንደኛው አሰቃቂው ገጠመኝ ራሱ ነው። ሁለተኛው ገጠመኙን ተከትሎ የሚመጣው ሕመም ሲሆን፣ ሐኪሞች ፒቲኤስዲ በሚል ምሕጻር ይጠሩታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በመመርመሪያ መጽሐፉ ያሰፈረው በ1980 ነው። ያለፈው ነገር አሁን እንደሚፈጸም ሆኖ በሐሳብና በቅዠት መመላለሱ፣ እርሱን ከሚያስታውስ ቦታና ወሬ መሸሽ፣ ራስን መውቀስና ከሰው መራቅ፣ በጥቂት ድምፅ መደንገጥና እንቅልፍ ማጣት ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። ምልክቶቹ ከአንድ ወር በላይ ካልዘለቁና ኑሮን ካላወኩ ግን ሕመሙ አለ አይባልም። በአደጋ ማግስት መንቀጥቀጥና ማልቀስ የጤናማ ሰው ባሕርይ ነው።

ላዕልና ታሕት

ማንኛውም መቶኛ ላዕልና ታሕት አለው፤ ስሕተቱም የሚገባው ብዙውን ጊዜ በታሕቱ በኩል ነው። በሕክምና ቤት ደጃፍ ቆመን ብንቆጥር የምናገኘው የታመሙትን ብቻ ነው፤ ታሕቱ መላው ሕዝብ እንዲሆን በናሙና ቤት ለቤት መሄድ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበራቸው የዳሰሳ ጥናቶች ያደረጉትም ይህንኑ ነው። በ24 አገሮች 68,894 አዋቂዎች ተጠይቀው በ2016 በታተመው ውጤት፣ ከመቶ 70.4 የሚሆኑት በሕይወታቸው ቢያንስ አንድ አሰቃቂ ገጠመኝ እንደደረሰባቸው፣ 30.5 የሚሆኑት ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። ከእነዚሁ ዳሰሳዎች በ2017 የወጣ ሌላ ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ በሕይወት ዘመናቸው በፒቲኤስዲ የታመሙት ከመቶ 3.9 ብቻ ናቸው። በግርድፉ ከሺህ ሰዎች 700 ያህሉ መከራውን ቀምሰዋል፤ የታመሙት ግን 40 ያህሉ ናቸው።

የቀረው ጥያቄ የትኛው ገጠመኝ ምን ያህል ያሳምማል የሚለው ነው፤ በሒሳብ ቋንቋ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ይሆናልነት መሆኑ ነው። በ1995 የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ ዳሰሳ መከራ የደረሰባቸው ወንዶች ከሴቶች እንደሚበልጡ አሳይቷል፤ ወንዶች ከመቶ 60.7፣ ሴቶች 51.2። ሕመሙ ግን በሴቶች 10.4፣ በወንዶች 5.0 ነበር። መደፈርን የመሰሉ ጥቃቶች ከሌሎች አደጋዎች ይልቅ እጅግ ከፍ ያለ የመታመም ዕድል ማስከተላቸው ለዚህ ልዩነት አንዱ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል በዲትሮይት አካባቢ ተካሂዶ በ1998 የታተመ ጥናት፣ ከሕሙማኑ 31 በመቶ የሚሆኑትን ያሳመማቸው የወዳጅ ድንገተኛ ሞት መሆኑን አመልክቷል። ገጠመኙ የሚያሳምመው ጥቂቱን ቢሆንም፣ የሚደርሰው ለብዙ ሰው ስለሆነ የሕሙማኑ ቁጥር ይበዛል።

ጊዜ ብቻውን ይፈውሳልን?

ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር በየግማሽ ዕድሜው እኩሌታው እየከሰመ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሊጠፋ ይቃረባል። ሕመሙ ግን ይህን ሕግ አይከተልም። በ1995ቱ ጥናት የሕሙማኑ ቁጥር በመጀመሪያው ዓመት በፍጥነት ከቀነሰ በኋላ እስከ ስድስት ዓመት ድረስ በዝግታ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ መውረዱን ያቆማል ለማለት ይቻላል። ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ከብዙ ዓመታትም በኋላ አልዳኑም። እኩሌቶቹ እስኪድኑ የወሰደው ጊዜ ሕክምና ባገኙት ዘንድ 36 ወራት፣ ባላገኙት ዘንድ 64 ወራት ነበር። «ጊዜ ይፈውሰዋል» የሚለው ማጽናኛ እንግዲህ ለብዙዎች እውነት ቢሆንም ለሁሉም አይሠራም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ጦርነትና የጅምላ ጥቃት ባለፈባቸው ማኅበረሰቦች አኃዙ ከፍ ይላል። በ2001 የታተመ የአራት አገሮች ጥናት በአልጄሪያ 37.4፣ በካምቦዲያ 28.4፣ በጋዛ 17.8፣ በኢትዮጵያ 15.8 በመቶ የሚሆኑት ተጠያቂዎች ታመው እንደነበር መዝግቧል። ይህ የተለካው ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ ከተካሄደው ጦርነት በፊት መሆኑን ልብ ይሏል። የ2017ቱ ጽሑፍ ደግሞ በሀብታም አገሮች ከመቶ ሕሙማን 53.5 ሕክምና ሲሹ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆኑት አገሮች የሚሹት 22.8 ብቻ መሆናቸውን ይነግረናል። ያለሐኪም የሚቀረው ቁጥር ይህን ያህል ነው።

ሕክምናው ግን አለ። ሕመምተኛው በባለሙያ እየተረዳ የሕይወት ታሪኩን ከመከራው ጋር በቅደም ተከተል እንዲተርክ የሚያደርገው ዘዴ በኡጋንዳ በሱዳናውያን ስደተኞች ላይ ተሞክሮ፣ በ2004 በታተመው ውጤት ፍሬያማነቱ ታይቷል። ከመከራ በኋላ የወገን ድጋፍ ማጣት ሰውን ለሕመሙ ይበልጥ እንደሚያጋልጠው በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል። መርዶን ብቻውን ለሆነ ሰው የማይነግረውና ሐዘንተኛን ለብቻው የማይተወው ባህላችን፣ ዕድሩም ጭምር፣ ከዚህ አንጻር ሲታይ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም የተደፈረችው እኅት ድንኳን አይጣልላትም፤ የምታፍርበትን ሐዘን ይዛ ብቻዋን ትቀመጣለች። የአደጋው ዕድል የሚያይለው ድጋፉ በማይደርስበት በዚያ ስፍራ ነው።

ስለዚህ ከሁለት ስሕተቶች መጠበቅ ያሻናል። መከራ ያየውን ሁሉ ሕመምተኛ ማለት የብዙዎችን ጽናት መካድ ነው፤ አብዛኛው ሰው ይቋቋመዋልና የታመመውም ይቻለው ማለት ደግሞ ከሺህ 40ዎቹን መርሳት ነው። አንባቢያችን ከጎረቤቱ ወይም ከተማሪዎቹ መካከል ከወራት በኋላም እንቅልፍ ያጣና ከሰው የሸሸ ቢያገኝ፣ «እርሳው» ከማለት ይልቅ ወደ ሐኪም ቢያደርሰው፣ አኃዞቹን በትክክል አንብቧቸዋል ማለት ነው።