ኮላጅን፡- የመገጣጠሚያችን ‹‹ሙጫ›› ከጣሳ ይገዛልን?



ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ወር የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን በየቤታችን ስለሚገኝ ሕመም እንነጋገራለን። በየመስጂዱ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶችን ሳያዩ አይቀሩም። ሱጁድ ወርደው ለመነሳት ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው ናቸው። በጀሞ፣ በለቡ ወይም በጎፋ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እናቶችም ሊፍት በሌለው ደረጃ መውጣትና መውረድ ስለሚከብዳቸው ገበያውንም ዘመድ ጥየቃውንም ይተዉታል። ሕመሙን አንዱ ‹‹ብርድ ነው›› ይለዋል፣ ሌላው ‹‹ቁርጥማት ነው››፣ ሌላው ደግሞ ‹‹ሪህ ነው›› ይላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ‹‹ኮላጅን›› የሚባል ዱቄትና እንክብል የብዙዎች መነጋገሪያ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞ ይመጣል፤ በመደብሮችም ይሸጣል። ‹‹ለጉልበት ፍቱን ነው›› ሲባል ልጆች ለወላጆቻቸው ሊገዙ ይሯሯጣሉ። እርስዎም ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ነገሩን ቢያውቁት መልካም ነው።

ኮላጅን ምንድን ነው?

ኮላጅን በሰውነታችን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፕሮቲን ነው። ካለን ፕሮቲን ውስጥ ከአራት አንድ እጅ እስከ ሦስት አንድ እጅ የሚሆነው እሱ ነው። ስሙ ‹‹ሙጫ›› ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። የከብት ቆዳና አጥንት ለረጅም ሰዓት ሲቀቀል የሚወጣው ነገር በጥንት ዘመን እንጨት ለማጣበቅ ያገለግል ነበርና። ቅቅል ሠርተው ያሳደሩ እናቶች ነገሩን በዓይናቸው አይተውታል፤ መረቁ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። ያ የረጋው ከአጥንቱ፣ ከቆዳውና ከጅማቱ የወጣ ኮላጅን ነው። እንዲህ በሙቀት ሲለወጥ ጄላቲን ይባላል።

የኮላጅን ክር ሦስት ሆኖ እንደ ገመድ የተገመደ ነው። ጡንቻን ከአጥንት፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩት ጅማቶች በአብዛኛው ከዚህ ገመድ የተሠሩ ናቸው። ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት፣ በመገጣጠሚያ ላይ የአጥንቶቹን ጫፍ ሸፍኖ እንዳይፋተጉ የሚያደርገው ለስላሳ ሽፋንም ኮላጅን አለው። ጡንቻም ቢሆን ኃይሉን ለአጥንት የሚያስተላልፈው በኮላጅን ሽፋኑ በኩል ነው። ስለዚህ ኮላጅን ሲዳከም ጉልበት፣ ትከሻ፣ ወገብና ቁርጭምጭሚት ይታወካሉ።

ሰውነት ራሱ ይሠራዋል

የሰውነታችን ኮላጅን የሚሠራው እዚያው በሰውነታችን ውስጥ ነው። የበላነው ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ምስር ወይም ሽሮ በሆዳችን ተፈጭቶ ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ይለወጣል። ሰውነት ከእነዚህ ውስጥ የሚፈልገውን መርጦ አዲሱን ክር ይሠራል። ክሩ በደንብ ተገምዶ እንዲጠነክር ግን ቫይታሚን ሲ የግድ ያስፈልጋል። ቫይታሚን ሲ ከሌለ ገመዱ ላላ ብሎ ይቀራል።

ለዚህ ከወገኖቻችን ታሪክ መራራ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሶማሊያና በሱዳን መጠለያዎች ውስጥ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በእርዳታ እህልና ዘይት ላይ ተመሥርተው ለወራት ኖሩ። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ማግኘት ጭንቅ ነበር። በዚህ ሳቢያ ስከርቪ የተባለው የቫይታሚን ሲ እጥረት በሽታ በመካከላቸው ተነሳ። በዚህ በሽታ ድድ ይደማል፣ እግር ያብጣል፣ መገጣጠሚያ ያማል፣ የቆየ ቁስል እንኳ ይመረቅዛል። ይህ ሁሉ የሚመጣው ኮላጅን በወጉ መሠራት ሲያቅተው ነው። መድኃኒቱም ሌላ ሳይሆን ራሱ ቫይታሚን ሲ ነው።

ከተጎዳ በኋላ መጠገኑ ከባድ ነው

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዴንማርክ ተመራማሪዎች ጥናት አንድ አስደናቂ ነገር አሳይቷል። ከተረከዝ በላይ ያለው ትልቁ ጅማት ዋና ክፍሉ የሚገነባው ሰው እስከ 17 ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ነው። ከዚያ በኋላ ውስጡ እምብዛም አይታደስም። የአዋቂ ሰው ካርቲሌጅም እንዲሁ በቀላሉ አይተካም። የነገ ሽማግሌ ጉልበት የሚገነባው ዛሬ በልጅነት ማዕድ ነው ማለት ነው።

ጅማት የደም ሥሩ ጥቂት ስለሆነ ሲጎዳ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቁን ያገኘው ይኸው ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት እያመመው ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለወራት ከውድድር ርቋል። የዓለም ጀግና ይህን ያህል ጊዜ ከፈጀበት እርስዎ ወለም ባልዎት በሳምንቱ ‹‹ለምን አልዳነም?›› ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ኮላጅንን ከሚጎዱት ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው፡-

1. ከመጠን ያለፈ ክብደት። አንድ ኪሎ ሲቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትዎ ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ያህል ይቀንሳል።
2. የስኳር በሽታ። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ከኮላጅን ክር ጋር ተጣብቆ ያደርቀዋል። የስኳር ሕሙማን ትከሻቸው ደርቆ እጃቸውን ማንሳት የሚያቅታቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።
3. ሲጋራ ማጨስ።
4. ለረጅም ጊዜ አለመንቀሳቀስ። ጡንቻና ጅማት ሥራ ሲያጡ ይሟሽሻሉ።

ታዲያ ዱቄቱ ይጠቅማልን?

ዱቄቱም እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ተነስቶ በቀጥታ ጉልበትዎ ውስጥ ገብቶ አይለጠፍም። አንዳንድ ጥናቶች የጉልበት ሕመምን በመጠኑ ሊያስታግስ እንደሚችል ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉ ወይም ሻጮቹ ራሳቸው ገንዘብ ያወጡባቸው ናቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ጄላቲንን ከቫይታሚን ሲ ጋር ወስደው ከአንድ ሰዓት በኋላ ስፖርት የሠሩ ሰዎች ደም ውስጥ ኮላጅን መሠራቱን የሚያመለክት ንጥረ ነገር እንደጨመረ አሳይቷል። ጥናቱ የተደረገው ግን በ8 ጤነኛ ወንዶች ላይ ብቻ ነው። ያለቀ ካርቲሌጅ በዱቄቱ ተመልሶ እንደሚበቅል የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም።

ስለዚህ ገንዘብ ለተረፈው ዱቄቱ ብዙም ላይጎዳው ይችላል። የልጆቹን እንቁላልና ብርቱካን ቀንሶ ዱቄት የሚገዛ ቤተሰብ ግን ከሰረ።

ሐላልነቱንም ይጠይቁ

ኮላጅንና ጄላቲን የሚሠሩት ከከብት ቆዳና አጥንት፣ ከዓሣ ወይም ከአሳማ ቆዳ ነው። ማሸጊያው ላይ ‹‹ቦቫይን›› የሚል ካለ ከከብት፣ ‹‹ማሪን›› የሚል ካለ ከባሕር እንስሳት፣ ‹‹ፖርሳይን›› ካለ ደግሞ ከአሳማ ነው። ከከብት ነው ማለት ብቻውን ሐላል ታርዷል ማለት አይደለም። የታወቀ ተቋም የሐላል ማረጋገጫ መኖሩን ይመልከቱ። ምንጩ ጨርሶ ካልተጻፈ ቢተዉት ይሻላል። በኬሚካል ስለተለወጠ ጄላቲን ዑለማዎች የተለያየ አስተያየት ስላላቸው ጥርጣሬ ካለዎት የሚያምኑትን ዓሊም ይጠይቁ። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት ግን ‹‹ሽፋኑ ጄላቲን ነው›› ብለው ከራስዎ አያቋርጡ፤ ምትክ እንዲሰጥዎ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ያነጋግሩ።

ከዱቄቱ ይልቅ በቄራ በሙስሊሞች እርድ ክፍል ከታረደው ሥጋ አጥንት ያለውን ገዝተው ቅቅል ወይም ሾርባ ቢሠሩ ምንጩን ያውቁታል፤ ቤተሰቡም በአንድነት ይቋደሰዋል። መረቁም ቢሆን ከምግብነት አልፎ የተለየ ፈውስ አይደለም።

ማዕድዎን እንዲህ ያስተካክሉ

• በየቀኑ ፕሮቲን ይኑር፡- ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሲገኝም ዓሣና ሥጋ። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች ‹‹እህል አልበላ አለኝ›› ብለው በሻይና በዳቦ ብቻ እንዳይውሉ ይጠንቀቁ፤ ጡንቻቸው ያልቃል።
• ቫይታሚን ሲ አይጥፋ፡- የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን 45 ሚሊ ግራም ይመክራል። ይህንንም አንድ መካከለኛ ብርቱካን ይሸፍነዋል። ዘይቱንና ጥሬ ቃሪያ ከብርቱካን ይበልጣሉ። ፓፓያ፣ ቲማቲምና ጎመንም መልካም ናቸው። ቫይታሚኑ በእሳት ብዛት ስለሚጠፋ ጎመኑን አያንጨርጭሩት፤ ሰላጣው ላይም ሎሚ ይጭመቁበት።
• በረመዳን ኢፍጣር ላይ ከቴምሩና ከሾርባው ጋር ፍራፍሬ ያቅርቡ፤ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ግን አይብዛ።
• ይንቀሳቀሱ፡- ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ቢደጋገም የጭን ጡንቻን ያጠነክራል። ሕመሙ ካገረሸ ቁጥሩን ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አይተዉት።
• መቆም ወይም መደፋት የከበደው ተቀምጦ እንዲሰግድ ዲናችን ፈቅዷል። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ወላጆች ይህን ያስታውሷቸው፤ በሕመም ላይ ሕመም አይጨምሩ።

ከመድኃኒትና ከወጌሻ ይጠንቀቁ

ያለ ሐኪም ትእዛዝ እየተገዛ የሚዋጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ጅማትን ሊያሳብጥና ሊበጥስ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 በዚህ የመድኃኒት ወገን ላይ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አደጋው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት አብረው በሚወስዱ ላይ ይጨምራል። ‹‹ለቁርጥማት›› ተብሎ የሚሸጠው ዴክሳሜታዞንም ለጊዜው ሕመሙን ቢያስታግስም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንትና ጡንቻን ያዳክማል፣ ስኳርም ያስነሳል።

ወጌሻ ዘንድ መሄድ የቆየ ባህላችን ነው። ይሁን እንጂ ስብራት ላይ በኃይል የታሰረ ቀርከሃ የደም ዝውውርን ዘግቶ እጅና እግር እስከ መቆረጥ ያደረሳቸው፣ በተለይም ሕጻናት፣ በአገራችን ብዙ ናቸው። ከታሰረ በኋላ ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስራቱን ወዲያው አስፈትተው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

የሚከተሉት ሲያጋጥሙዎት ደግሞ ዱቄትም ሆነ እሽት ሳይሞክሩ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፡-

• መገጣጠሚያ በድንገት ሲያብጥ፣ ሲግልና ትኩሳት ሲኖር፤
• ልጅዎ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው ሲዘዋወር፤ ይህ ልብን የሚጎዳ ሕመም ሊሆን ይችላል፤
• የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከክብደት መቀነስና ከሌሊት ላብ ጋር ሲመጣ፤ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል።

ውድ አንባቢያን፣ ለወላጆችዎ ጉልበት ሊያወጡት ያሰቡትን ገንዘብ አስቀድመው ለምርመራና ለማዕዳቸው ያውሉት። ለልጆችዎም ከአሁኑ እንቁላሉን፣ ፍራፍሬውንና ሩጫውን አይንፈጓቸው። አላህ ለሁላችንም ጤናና ዓፊያ ይስጠን፤ የታመሙትንም ይማርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።